ሴንትራል ፓርክን ከላይ ወደ ታች፦ የአንድ ቀን የእግር መንገድ

ኒው ዮርክ የመጣ ዘመድ ሁሉ "ሴንትራል ፓርክን አይቻለሁ" ይላል። ምኑን አየህ ስትሉት ግን መልሱ ሁሌም አንድ ነው። በ59ኛው መንገድ ገባ፣ ፈረሶቹን አየ፣ ድልድይ ላይ ፎቶ ተነሳ፣ ወጣ። በር ላይ ቆሞ ተመልሶ "ቤቱን ጎበኘሁ" እንደማለት ነው።

እኔም መጀመሪያ እንደዛው ነበርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህ ፓርክ ከላይ ወደ ታች ነው መታየት ያለበት። ከሰሜን፣ ከሐርለም በኩል ትገባላችሁ፤ ከዚያ በእግር ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ። ጠዋት ላይ ሰው የማይበዛበትን ክፍል ታገኛላችሁ። ግርግሩ ጋ ስትደርሱ ደግሞ እግራችሁ ደክሟል፤ ሳር ላይ ጋደም ማለት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

መንገዱን ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ወቅቶቹም የነሱ ናቸው፤ በጋ ስል ሙቀቱን፣ ክረምት ስል በረዶውን ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ፓርኩ ማንሃተን መሀል እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ነው። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 800 ሜትር ገደማ። ስፋቱ 341 ሄክታር ነው። በደቡብ 59ኛው መንገድ፣ በሰሜን 110ኛው መንገድ፣ በምሥራቅ ፊፍዝ አቬኑ፣ በምዕራብ ሴንትራል ፓርክ ዌስት ያዋስኑታል። መግቢያ ነፃ ነው። "ትኬት ልቁረጥላችሁ" የሚል ሰው በር ላይ ከገጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ክፍት የሚሆነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በስልካችሁ አቆጣጠር ከ6 እስከ 1 ማለት ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንዲት አክስቴን "ጠዋት 3 ሰዓት እንገናኝ" ብዬ ቀጠርኳት። እሷ ስልኳ ላይ 3 ሰዓት ሲል መጣች። እኔ በኛ፣ እሷ በነሱ። ስድስት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሽኮኮ ስቆጥር ዋልኩ።

ቀጥ ብላችሁ ብትወርዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው አልኩ። እኔ በማሳያችሁ መንገድ እየተጠማዘዛችሁ ስትሄዱ ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ። አዲስ ጫማ የሚመረቀው እዚህ አይደለም።

ስንቅ ያዙ። ውስጥ የሚሸጥ ምግብ አለ፤ ግን ውድ ነው፣ የሚያጠግብም አይደለም። ፍርፍር በዕቃ ቋጥሮ ዛፍ ሥር መብላትን የመሰለ ነገር የለም። ቡናውን ግን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ነው የምታመጡት። ከሰል አቀጣጥላችሁ ጀበና ልትጥዱ ካሰባችሁ እርሱት፤ እሳት ክልክል ነው። መጠጥም ሲጋራም አይፈቀድም። ልደት ወይም ማኅበር ይዛችሁ ከመጣችሁና ከ20 ሰው ከበለጣችሁ ደግሞ አስቀድሞ የከተማው ፓርኮች ቢሮ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

የመብራት ምሰሶውን ማንበብ ልመዱ

ከሁሉም በፊት ይህን እወቁ። ፓርኩ ውስጥ መንገዶቹ ሆን ተብለው ተጠማዘዋል። አሥር ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ ምሥራቅና ምዕራቡ ይጠፋባችኋል። የስልክ ባትሪ ደግሞ ሁሌ በዚያ ሰዓት ነው የሚያልቀው።

መፍትሔው እያንዳንዱ የመብራት ምሰሶ ላይ አለ። ጎንበስ በሉ። ከታች በኩል አራት ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ታያላችሁ። እንበል 7413 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በአቅራቢያችሁ ያለውን መንገድ ይነግሯችኋል፤ 74ኛው መንገድ አካባቢ ናችሁ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነች በምዕራብ በኩል፣ ሙሉ ከሆነች በምሥራቅ በኩል ናችሁ። 3 ጎዶሎ ናት፣ ስለዚህ ምዕራብ። በቃ። ከ100ኛው መንገድ በታች ያለ ምሰሶ በዚህ ዘዴ ይነበባል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ሥራ ለነሱ ስጧቸው፤ ቀኑን ሙሉ "ሙሉ ነው! ጎዶሎ ነው!" ሲሉ ይውላሉ።

1. ከሐርለም ጀምሩ

2 ወይም 3 ቁጥር የምድር ውስጥ ባቡር ይዛችሁ ሴንትራል ፓርክ ኖርዝ፣ 110ኛው መንገድ ውረዱ። ደረጃውን ስትወጡ ፓርኩ ፊት ለፊታችሁ ነው። ገባ ስትሉ የምታገኙት ውሃ ሐርለም ሚር ይባላል።

እዚህ ዓሣ ማጥመድ ይቻላል። ውሃው ዳር ያለው የዳና ማዕከል በወቅቱ መታወቂያ ይዞ የማጥመጃ ዘንግ በነፃ ያውሳል። ነገር ግን የያዛችሁትን ዓሣ ወዲያው ወደ ውሃው መመለስ ግዴታ ነው። ሐዋሳ ያደገ ጓደኛዬ ይህ ሕግ እስከ ዛሬ አልገባውም። "ታዲያ ምን ሊሆን ይያዛል?" ይላል። እኔም መልስ የለኝም።

አጠገቡ ዴቪስ ሴንተር አለ። በ2025 ነው የተከፈተው። በበጋ መዋኛ ገንዳ፣ በክረምት የበረዶ መንሸራተቻ፣ በመሀል ባሉት ወራት ደግሞ ሳር ሜዳ ይሆናል። ገንዳው ነፃ ነው። የዋና ልብስና የመቆለፊያ ቁልፍ ይዛችሁ ኑ፤ ቁልፍ የሌለውን አያስገቡትም።

2. የአበባው ግቢ

ውሃውን በግራ በኩል ይዛችሁ ወደ ፊፍዝ አቬኑ አቅጣጫ ውረዱ። 105ኛው መንገድ ላይ ኮንሰርቫቶሪ ጋርደን አለ። በ1937 የተከፈተ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ በጣሊያን፣ አንዱ በፈረንሳይ፣ አንዱ በእንግሊዝ ወግ የተተከለ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ከመጣችሁ ቱሊፑ፣ ኦክቶበር ላይ ከመጣችሁ የመኸሩ አበባ ይጠብቃችኋል። ብስክሌትና ውሻ አይገባም፤ ለዚህ ነው ጸጥ ያለው። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

3. ሯጮቹ የሚዞሩት ውሃ

ወደ ደቡብ ስትሄዱ 97ኛው መንገድ አካባቢ ቆም በሉና አዳምጡ። እግራችሁ ሥር መኪና እያለፈ ነው። ፓርኩን የሚያቋርጡ አራት የመኪና መንገዶች አሉ፤ አራቱም ከመሬቱ ዝቅ ብለው የተቆፈሩ ናቸው። ይህን ያሰቡት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮ ናቸው። በ1858 ለፓርኩ ንድፍ በወጣው ውድድር 33 ሥራዎች ቀርበው የነሱ አሸነፈ። ያኔ መኪና አልነበረም፤ ጋሪ ነው። ጋሪው የሰውን እረፍት እንዳይረብሽ ብለው የሠሩት ነገር ዛሬ ታክሲውንና አውቶቡሱን ደበቀልን። በፓርኩ ውስጥ ባሉት የላይኛዎቹ መንገዶች ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የግል መኪና አይነዳም።

96ኛው ላይ ትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ይጀምራል። ለከተማው ውሃ የሚሰጥ ነበር፤ በ1993 አቆመ። ስሙ ዛሬ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት በነበረችው በዣክሊን ኬኔዲ ኦናሲስ ነው የሚጠራው፤ እዚህ ትሮጥ ነበር። በዙሪያው ያለው የአፈር መሮጫ 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የምትዞሩት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ውሃው ሁሌም በግራችሁ ይሁን። ተቃራኒ ከሄዳችሁ የኒው ዮርክ ሯጭ ፊት ምን እንደሚመስል ታያላችሁ።

መላውን ፓርክ መዞር ለሚፈልግ ትልቁ የአስፋልት ዙር 10 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰሜን ጫፍ ላይ ያለችው የሐርለም ዳገት እንጦጦን ለለመደ ሰው ቁም ነገር አይደለችም። ሳይለማመድ ለሚመጣ ግን ታስተነፍሳለች።

ከማጠራቀሚያው በምሥራቅ፣ 90ኛው መንገድ ላይ ያለችውን በር ሳታዩ አትለፉ። የኒው ዮርክ ማራቶን ሯጮች ከፊፍዝ አቬኑ ወደ ፓርኩ የሚታጠፉት በዚህች በር ነው። ውድድሩ በ1970 ሲጀመር ሙሉ በሙሉ እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነበር፤ 127 ሰው ተነሳ፣ 55 ጨረሰ። ዛሬ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች አዳርሶ መጨረሻው እዚህ ነው። ተስፋዬ ጅፋር በ2001 በ2:07:43 የውድድሩን ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ፣ ደራርቱ ቱሉ በ2009 ስታሸንፍ፣ ገብሬ ገብረማርያም በ2010፣ ፍሬሕይወት ዳዶ በ2011፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2018፣ ሁሉም በዚህ ፓርክ አስፋልት ወርደዋል። ታምራት ቶላ በ2023 በ2:04:58 ሌላ ክብረ ወሰን ሰበረ።

እኔ እዚህ ስደርስ ሳልሮጥ አላልፍም። ሁለት መቶ ሜትር ብቻ። ከዚያ በኋላ ጎኔን ይዤ እቆማለሁ።

4. የሊስትሮው መሬት

አሁን ውሃውን በደቡብ በኩል ዙራችሁ ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። ከ82ኛው እስከ 89ኛው መንገድ ያለው ቦታ ላይ የማብራሪያ ሰሌዳዎች ታገኛላችሁ። ሰው ያልፋቸዋል። እናንተ አትለፏቸው።

በ1825 አንድሪው ዊልያምስ የሚባል የ25 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ እዚህ ሦስት ቁራጭ መሬት በ125 ዶላር ገዛ። ሥራው ምን ነበር? ሊስትሮ። ጫማ ጠርጎ ባገኘው ገንዘብ። በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ባርነት ገና አላለቀም፤ ያበቃው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1827 ነው።

ሌሎችም ተከተሉት። ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ሆነ። ሦስት ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበረው። በ1855 ወደ 225 ሰው ይኖርበት ነበር፤ አብዛኛው ጥቁር፣ የተቀረው አይሪሽና ጀርመን ስደተኛ። መሬቱ ደግሞ መሬት ብቻ አልነበረም። በግዛቱ ሕግ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር፤ ነጩ አይጠየቅም። ስለዚህ እዚህ ቦታ መግዛት ድምፅ መግዛት ነበር።

ከዚያ ከተማው ፓርክ አስፈለገው። በካሳ አንሱ ተባለ። በ1857 መንደሩ ፈረሰ። በጠቅላላው ለፓርኩ ሲባል 1,600 ያህል ሰው ተነስቷል። በ2011 ተመራማሪዎች እዚህ ቆፍረው ካገኟቸው ዕቃዎች መካከል የብረት ማንቆርቆሪያና የአንድ ሕፃን ጫማ ይገኙበታል።

ከሰሌዳዎቹ አጠገብ ሳሩ ላይ ተቀመጡና ስንቃችሁን እዚህ ፍቱ። ጥላው ጥሩ ነው።

5. የድንጋይ ሐውልቱና ታላቁ ሜዳ

ከምሳ በኋላ መልሳችሁ ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። መሀል ላይ ግሬት ሎን የሚባለው ሰፊ ሜዳ አለ። ቀድሞ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ደርቆ ባዶ በቀረበት በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ቤት ያጡ ሰዎች ጎጆ ቀልሰውበት ኖረዋል። ሳር ሜዳ የሆነው በ1937 ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ሳሩ ዝግ ነው፤ አትግቡ።

ከሜዳው በምሥራቅ፣ ከሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጀርባ፣ የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ቁመቱ 21 ሜትር ገደማ ነው። ቱትሞስ ሦስተኛ ያቆመው ነው፤ ዕድሜው ወደ 3,500 ዓመት ይጠጋል። በ1881 ነው እዚህ የተተከለው። ከከተማዋ የሐድሰን ወንዝ ዳር እስከዚህ ለመጎተት ብቻ ወራት ፈጅቷል። የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ በ2005 ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ዝም ብሎ አያልፍም። ይኼኛው በስጦታ የተሰጠ ነው፤ የኛ ደግሞ ተወስዶ ነው የተመለሰው። ቢሆንም።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ድንጋዩ ላይ የተሠራችው ቤተ መንግሥት መሳይ ቤት ቤልቬዴሬ ናት። ውጡባት፤ እይታው ከዚያ ነው። ዜና ላይ "ሴንትራል ፓርክ ላይ ይህን ያህል ዝናብ ዘነበ" ሲሉ ከሰማችሁ የመለኪያው ቦታ ይህ ነው። ከሥሯ የዴላኮርት ቴአትር አለ። ከ1962 ጀምሮ በበጋ የሼክስፒር ተውኔት በነፃ ይታይበታል። ነፃ ስለሆነ ሰልፍ አለ፤ በጠዋት መምጣት ነው።

6. ራምብል ውስጥ ጥፉ

ከቤልቬዴሬ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ጫካ ትገባላችሁ። ይህ ራምብል ነው። እዚህ መንገድ አትጠይቁ። የተሠራው እንድትጠፉበት ነው። በኤፕሪልና በሜይ ተሰዳጅ ወፎች በብዛት ያርፉበታል። አንገቱን አቅንቶ መነጽር ይዞ የቆመ ሰው ካያችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና እሱ ወደሚያይበት እዩ። ብዙዎቹ መጽሐፍ አውጥተው ያሳዩዋችኋል፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

7. ጀልባውና መልአኩ

ከጫካው ስትወጡ ሐይቁ ይከፈታል። በነገራችን ላይ ፓርኩ ውስጥ ያሉት ሐይቆች ሁሉ ሰው የሠራቸው ናቸው። ይህኛው ገና ግንባታው ሳያልቅ፣ በ1858 ክረምት፣ በረዶ ሲሆን ሕዝብ መጥቶ ተንሸራቶበታል። ፓርኩ በሙሉ ያለቀው በ1876 ነው።

በምሥራቅ ዳር ካለው የጀልባ ቤት ከጸደይ እስከ መኸር የሚቀዘፍ ጀልባ ይከራያል። አንዱ አራት ሰው ይይዛል። ቀዝፋችሁ የማታውቁ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው መንገድ የሚያየው። ስለዚህ ያንን ሰው ስልክ እንዳይነካ አስምሉት። እኔ ያላስማልኩት ሰው ቀጥታ ቁጥቋጦ ውስጥ ከቶኛል። ቀኝ መቅዘፊያውን ብቻ ስትስቡ አፍንጫው ወደ ግራችሁ ይዞራል፤ አንድ አምስት ደቂቃ ክፍት ቦታ ላይ ተለማመዱና ከዚያ በቦው ድልድይ ሥር እለፉ።

ከጀልባው ስትወርዱ ቤተስዳ ቴራስ አጠገባችሁ ነው። ከፓርኩ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው። መሀል ላይ ያለው የውሃ ፏፏቴ ላይ ክንፏን የዘረጋች መልአክ ቆማለች። የቀረጸቻት ኤማ ስቴቢንስ ናት፤ የተመረቀው በ1873።

ስሙን ልብ ብላችኋል? በኛ መጽሐፍ ቅዱስ "ቤተ ሳይዳ የምትባል አንዲት መጠመቂያ" የምትለዋ ናት፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 5። መልአኩ ወርዶ ውሃውን ሲያናውጥ ቀድሞ የገባ የሚድንባት። 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው ሰውዬ ያለባት። በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ብለን የምናስበው ራሱ ታሪክ ኒው ዮርክ መሀል በነሐስ ቆሟል። ምክንያቱ የውሃ ነው። ከተማዋ ንጹሕ ውሃ ያጣች፣ ኮሌራ የጨረሳት ከተማ ነበረች። በ1842 ከክሮተን ወንዝ ንጹሕ ውሃ በቦይ ገባላት። መልአኳ ለዚያ ውሃ ምስጋና ናት። በግራ እጇ አበባ ይዛለች፤ የንጽሕና ምልክት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ከደረጃው ሥር ያለው አዳራሽ ውስጥ ግቡና ቀና በሉ። ጣሪያው በ15,000 በሚበልጡ ባለ ቀለም ሸክላዎች የተለበጠ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘፍን ሰው አለ፤ ድምፁ ከጣሪያው ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ሰው ይመስላል።

የቢትልሱ ዘፋኝ የጆን ሌነን መታሰቢያ ከዚህ በምዕራብ፣ 72ኛው በር ላይ ነው። ለሙዚቃው ፍቅር ካላችሁ ጎራ በሉ። ከሌላችሁ ቀጥሉ።

8. ጥላው፣ ሜዳው፣ ልጆቹ

ከደረጃው ወደ ደቡብ የሚሄደው ሞል ነው። ከዚህ ሁሉ ጥምዝማዛ በኋላ ሆን ተብሎ ቀጥ ተደርጎ የተሠራ መንገድ። ግራና ቀኝ ያሉት የአሜሪካ ኤልም ዛፎች ከላይ ተቃቅፈው ጣሪያ ሠርተዋል።

በስተቀኝ ሺፕ ሜዶው አለ፤ ስሙ እንደሚለው የበጎች ሜዳ ነው። እስከ 1934 ድረስ እውነተኛ በጎች ይግጡበት ነበር። የሚያድሩበት በረት ዛሬ በቀጠሮ የሚበላበት ምግብ ቤት ሆኗል። ሜዳው ላይ ሙዚቃ ጮክ አድርጎ መክፈት አይፈቀድም። እዚህ ነው ጫማ አውልቃችሁ ጋደም የምትሉት።

ልጆች ካሉ ግን ጋደም የለም። ከሜዳው በታች የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች አሉ። በ1908 በእጅ የተቀረጹ 57 ፈረሶች ናቸው። ለነሱም፣ በምሥራቅ በኩል ላለው መካነ እንስሳትም፣ ክፍያ አለ። ክረምት ላይ ከመጣችሁ ወልማን የበረዶ መንሸራተቻ በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ጫማውን ያከራያሉ።

መውጫው ላይ

ወደ 59ኛው ስትጠጉ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ታክሲዎች ይከቧችኋል። እግራችሁ ደክሟል፤ እነሱም ያውቃሉ። እኔ አንድ ጊዜ "አምስት ዶላር" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አምስት ዶላሩ ለደቂቃ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሄድን። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ዋጋው ብስክሌቱ ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት፤ "በደቂቃ" የሚል ቃል ካለበት ከመውጣታችሁ በፊት ጠቅላላውን ጠይቁ። ካልተስማማችሁ ደግሞ ወደ ምዕራብ ትንሽ ተራመዱ፤ ኮሎምበስ ሰርክል ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና 1 ቁጥር ባቡር አሉ።